የሽመል ቆመጥ ለአርኒስ፦ ከመተከል ቆላ የሚመጣው ጥንድ ዱላ ሲፈተሽ

ፍርዱ መጀመሪያ ይምጣ። ጎጃም ተቀምጦ አርኒስን፣ የፊሊፒንስን የዱላ ጥበብ፣ ለሚለማመድ ሰው፣ የጥበቡን መደበኛ ዱላ ራታንን ካላገኘ፣ የሚያዋጣው ሽመል ነው፤ ድፍኑ የቆላ ቀርከሃ። ወይራን ክብደቱ ይጥለዋል፤ የደጋውን ቀርከሃ ባዶ ሆዱ። ሽመሉ ግን ከሻጭ እጅ ተቀብለው በዚያው ቀን የሚማቱበት ዕቃ አይደለም። ከሰባት ሳምንት እስከ ሁለት ወር የሚወስድ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ መሞረድና መቀባት ይቀረዋል። ይህን የዘለለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ከመዳፉ ስንጥር ሲለቅም ይገኛል።

እዚህ የሚፈተሸው በቻግኒና በባሕር ዳር ገበያ ዱላ ሻጮች ዘንድ የሚገኝ፣ ከመተከል ቆላ የወጣ ሽመል ነው፤ ለጥንድ ልምምድ በክንድ ከስንዝር የተቆረጠ። ለማነጻጸሪያ የእንጅባራ ቀርከሃ፣ የወይራ ቆመጥና የባህር ዛፍ ዘንግ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መመዘኛው አንድ ብቻ ነው፦ ፊሊፒናዊው መምህር ሬሚ ፕሬሳስ ያቀናጁትን፣ ሞደርን አርኒስ የተባለውን የልምምድ ሥርዓት ይሸከማል ወይስ አይሸከምም? የሌላ ዘርፍ ተማሪም ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን ዱላን በዱላ ላይ እንደዚህ የሚያደቅቅ ሥርዓት ጥቂት ስለሆነ ይህን ያለፈ ዱላ ሌላውንም አያቅተውም።

አንድ ነገር ቀድሞ ይለይ። የጎጃም ዱላ ረጅም ነው። ትከሻ ላይ ተጋድሞ ሁለት ክንድ ይንጠለጠልበታል፣ ተራራ ሲወጡ ይደገፉታል፣ ሲመቱበትም በሁለት እጅ ነው፤ ኃይሉ ከርዝመቱና ከክብደቱ ይመጣል። የአርኒሱ ባስቶን በአንድ እጅ የሚያዝ፣ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር ቆመጥ ነው፤ ኃይሉ ያለው በእጅ አንጓ ሽክርክሪት ፍጥነት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ዱላ» የሚለው የአገሬው ምዘና እዚህ ተገልብጦ ይሠራል። ሻጩ በኩራት የሚያወጣው ከባድ፣ ጠንካራ፣ ዕድሜ ልክ የማይሰበር ዱላ ለዚህ ሥራ የመጨረሻው ምርጫ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የፕሬሳስን ሕይወት ትንሽ መከተል ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሬሚ አማዶር ፕሬሳስ ዲሴምበር 19 ቀን 1936 በኔግሮስ ደሴት፣ ሂኒጋራን በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። የመጀመሪያው መምህራቸው አያታቸው ሊዮን ፕሬሳስ ነበሩ፤ ትምህርቱን የጀመሩት ገና በስድስት ዓመታቸው ነው። በ14 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው ጥበቡን ፍለጋ ደሴት ለደሴት ዞሩ፣ ሴቡም ደረሱ። ሴቡ ያኔ የዱላ ከተማ ነበረች። ዶሴ ፓሬስ የተባለው ማኅበር በ1932 የተመሠረተው እዚያ ነው፤ ቬናንሲዮ ባኮን ደግሞ ባሊንታዋክ የሚባለውን፣ በአንድ ዱላ በቅርብ ርቀት የሚማቱበትን ዘርፍ በ1952 ያቋቋሙት እዚያው ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሚለማመዱበት መንገድ ነው። ፕሬሳስ ከቲሞቴዮ ማራንጋና ከራሳቸው ከባኮን ተማሩ። ጁዶና ሾቶካን ካራቴም ጨመሩ።

በዘመኑ የነበረው ችግር የማስተማሪያው መንገድ ነበር። በቆየው ልማድ ዱላው የተከበረ ነው፤ የሚመታው የባላጋራ እጅ ነው። በልምምድም እንዲሁ፦ ጓደኛ ዱላውን ሲሰነዝር የምትመታው ጣቱን ወይም ክንዱን ነው። ለፍልሚያ ይህ ትክክል ነው፤ እጁ የተሰበረ ሰው ዱላ አይዝም። ለትምህርት ቤት ግን አይሆንም። ጀማሪው ጣቱ አብጦ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጁዶ ወይም ካራቴ ይመዘገባል። ፕሬሳስ ያደረጉት ለውጥ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፦ በልምምድ ጊዜ ዱላ ዱላን ይምታ አሉ። እጅ ዳነ፤ ዕዳው በሙሉ ወደ ዱላው ዞረ። ከዚያ ወዲህ የአርኒስ ዱላ እንደ ሳሙና የሚያልቅ ዕቃ ነው።

ጎጃሜ ይህን ለመዋጥ ይቸገራል፤ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ዱላ ባለበት አገር «ይህኛው ለሦስት ወር ነው» ማለት ስድብ ይመስላል። ይሁንና ዱላው ካላለቀ የሚያልቀው ክርን ነው።

ቀሪው የሕይወታቸው ክፍል በአጭሩ ይህ ነው። በ1969 ወደ ማኒላ ሄደው ሥርዓታቸውን አስፋፉ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ አገራቸውን ለቀው አሜሪካ ገቡና ቀሪ ዕድሜያቸውን ከከተማ ከተማ እየዞሩ በማስተማር አሳለፉ። ካራቴ ለሚያውቅ በካራቴው ውስጥ፣ ጁዶ ለሚያውቅ በጁዶው ውስጥ አርኒስን ያሳዩት ነበር፤ «በጥበብህ ውስጥ ያለው ጥበብ» ይሉታል። ኦገስት 28 ቀን 2001 በካናዳ፣ ቪክቶሪያ ከተማ በ64 ዓመታቸው አረፉ። ኮምባታን የተባለውን ዘርፍ የመሠረቱት ታናሽ ወንድማቸው ኤርኔስቶ በ2010 ተከተሉ። በዲሴምበር 2009 የፊሊፒንስ መንግሥት አርኒስን በሕግ ብሔራዊ የፍልሚያ ጥበብና ስፖርት አድርጎታል።

እንግዲህ ወደ ዱላው። ፕሬሳስም ሆኑ ሌሎቹ መምህራን የተጠቀሙበት ራታን የሐረግ ዘንባባ ነው፤ ብዙ ሰው ከቀርከሃ ያምታታዋል። ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፣ ራታን ድፍን። ራታን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ የጭረት እሽግ ስለሆነ ሲመታ አይፈለጥም፤ ቆዳው ይላጣል፣ ጫፉ እንደ መጥረጊያ ይበታተናል፣ ለስልሶም ይሞታል። የሚሞትበት መንገድ ለሰው አደጋ የለውም፤ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። 71 በ2.5 የሆነ ራታን ከ170 እስከ 220 ግራም ይመዝናል። ካማጎንግ የሚባለው የፊሊፒንስ ጥቁር እንጨት በዚሁ መጠን እጥፍ ገደማ ይመዝናል፤ እሱን ለብቻ ልምምድና ለማሳያ ነው የሚያነሱት።

ሽመል በአገራችን በተፈጥሮ ከሚበቅሉት ሁለት የቀርከሃ ዓይነቶች የቆላው ነው። ደገኛው ቀርከሃ ሆዱ ባዶ ሲሆን ሽመል ድፍን ነው፣ ወይም ለድፍን የቀረበ። ይህ አንድ ባሕርይ ነው ወደ ራታን የሚያስጠጋው። ሙሉ በሙሉ ግን አይተካውም። በ71 በ2.5 መጠን የደረቀ ሽመል ከ220 እስከ 270 ግራም ይደርሳል፤ ከራታን ትንሽ ይከብዳል፣ ልዩነቱም በአሥረኛው ደቂቃ የእጅ አንጓ ላይ ይሰማል። ቆዳው እንደ መስታወት ጠጣር ነው፤ ሲያረጅ የሚሰጠው ጭረት የራታንን ያህል ለስላሳ አይደለም፣ ይወጋል። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ ወደኋላ ይመጣል።

ሲገዙ ምን ይታይ? መጀመሪያ ሁለቱ ጫፎች። ሽመል ከሥሩ ድፍን ሆኖ ወደ ላይ ቀዳዳ ሊያወጣ ይችላል። ቀዳዳው እርሳስ የሚያስገባ ከሆነ ይለፍ፤ የክብሪት እንጨት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ችግር የለውም። ሁለተኛ የሽመሉ አንጓዎች። ጥሩው ዱላ ሁለቱም ጫፎቹ አንጓ አጠገብ የተቆረጡ፣ ከአንጓው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያለፉ ናቸው። አንጓ ስንጥቅን ያቆማል፤ ጫፉ ከአንጓ ርቆ የተቆረጠ ዱላ በመጀመሪያው ከባድ ምት ከጫፉ ይሰነጠቃል። ሦስት የአንጓ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 70 ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሜትር ይዞ 71ን ከማሳደድ አንጓውን ተከትሎ ከ68 እስከ 74 መቁረጥ ይሻላል። ፊሊፒንሶቹም ከ66 እስከ 76 ይጠቀማሉ።

ሦስተኛ ድምፁ። ዱላውን መሃሉን በሁለት ጣት ይዞ አንጠልጥሎ በሌላ ዱላ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛው አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ክርር ይላል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል። አራተኛ ቀለሙ፦ አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ ሽመል ውሃ የቋጠረ ነው፤ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ይጣመማል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ደግሞ ደርቆም ልል ነው። ሻጩ ዕድሜውን በትክክል ላያውቅ ይችላል፤ ግን በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚቀበል ዱላ ልጅ ነው።

ሻጮቹን በተመለከተ፣ ዱላ ያውቃሉ፣ ይህን ዱላ ግን አያውቁም። «ቆመጥ» ሲባሉ ወፍራሙንና ራሱ ድቡልቡል የሆነውን ያወጣሉ። «አያ፣ ለመንገድ አይደለም፣ ለእጅ ልምምድ ነው፤ ቀጠን ያለ ይስጡኝ» ብሎ መጀመር ብዙ ክርክር ያስቀራል። ከካርቶን ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱን 2.4 ሌላውን 2.8 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መሄድ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ በትልቁ ገብቶ በትንሹ የማይገባው ተፈላጊው ነው። ከሁለት ሜትር ተኩል ዘንግ ሦስት ዱላ ይወጣል፤ ስለዚህ የተቆረጠ ከመግዛት ሙሉውን ዘንግ ገዝቶ ራስ መቁረጥ ያዋጣል። ጥንዱም ከአንድ ዘንግ ከወጣ የክብደቱ ልዩነት ያንሳል። በጥንድ ልምምድ ከ20 ግራም በላይ የሚለያዩ ዱላዎች ግራና ቀኝን ያሳስታሉ።

መቁረጫው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ ይሁን። የእንጨት መጋዝ ቆዳውን ይቀድዳል። ከመቁረጥ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ በናስትሮ አንድ ዙር ጠቅልሎ በናስትሮው ላይ መጋዝ፤ ያን ጊዜ ጫፉ አይፈነጠርም።

ከዚያ ነቀዝ። ቀርከሃም ሆነ ሽመል ውስጡ ስታርች አለው፣ ነቀዝም የሚመጣው ለዚህ ነው። ዱላው ሥር ነጭ ብናኝ ከታየ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ውስጡ ተቦርቡሯል፣ አንድ ቀን መሃል ለመሃል ይቀነጠሳል። መከላከያው ሦስት ሳምንት ያህል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ወራጅ ውሃ ከሆነ ድንጋይ ጭኖ መተው ይበቃል፣ በርሜል ከሆነ ውሃውን በየሦስት ቀኑ መቀየር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሽታው ጎረቤት ያጣላል። ከመዘፍዘፉ በኋላ ጥላ ውስጥ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ማድረቅ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሽመል በበጋ ንፋስ ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይተረተራል። ማድ ቤት ጢስ ላይ ማንጠልጠልም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ለነቀዝ ጢስ ከውሃም ሳይሻል አይቀርም፣ ጉዳቱ ጥቀርሻውን ማጽዳት ብቻ ነው።

የተጣመመውን ለማቃናት ፍም ያስፈልጋል፣ ነበልባል አይሆንም። የተጣመመውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ አርሶ ፍሙ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ እያሽከረከሩ ማሞቅ፣ ቆዳው ወዝ ማውጣት ሲጀምር ጉልበት ላይ አድርጎ በተቃራኒው መጫንና እስኪበርድ መያዝ። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፦ ሳይበርድ ይለቅቀዋል፣ ዱላው ወደ ጥመቱ ይመለሳል። ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ ጭረቱ ተቃጥሏል፤ ያ ቦታ በኋላ የሚሰበርበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ አንጓዎቹን መሞረድ። ይህ ለመልክ የሚደረግ አይደለም። ሞደርን አርኒስ ዱላ መንጠቅን ያስተምራል፤ በንጥቂያው ጊዜ ዱላው በመዳፍ፣ በክንድና በእጅ አንጓ አጥንት ላይ እየተፋተገ ይወጣል። ያልተሞረደ አንጓ እዚያ ላይ እንደ መጋዝ ነው። በሞረድ ከቆዳው ጋር እኩል ማድረግ፣ ከዚያ በሻካራ፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ጫፎቹን ደግሞ እንደ እንቁላል ጫፍ ማድቦልቦል፤ ከ12ቱ መሠረታዊ ስንዘራዎች አምስቱ፣ ማለትም 5ኛው፣ 6ኛው፣ 7ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው፣ ምት ሳይሆኑ በዱላው ጫፍ መውጋት ናቸው፦ ለሆድ፣ ለሁለቱ የደረት ጎኖችና ለሁለቱ ዓይኖች። ስለታም ጫፍ ያለው ዱላ ለእነዚህ አይወጣም። ዓይንን በሚመለከት የዱላው ማለስለስ አይበቃም፤ መነጽር ይደረግ።

የአገሩ ልማድ ዱላ ቅቤ ማጠጣት ነው። ለዚህ ዱላ ቅቤ አይሆንም። ቅቤ አይደርቅም፤ እጅ ያንሸራትታል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይከረፋል፣ አቧራ ይይዛል። የኑግ ዘይት ይሻላል፦ ሲቆይ እንደ ቀለም የሚደርቅ ዘይት ስለሆነ በጨርቅ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ሁለት ቀን አቆይቶ፣ እንደገና መቀባት፤ ሦስት ዙር ይበቃዋል። ወፍራም አድርጎ በአንድ ዙር የቀባ ሰው ለሳምንት የሚጣበቅ ዱላ ይዞ ይቀራል። ቫርኒሽ አይመከርም፤ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ይሰባበርና ይረግፋል።

አሁን ስለዚያ የሚወጋ ጭረት። የምቱን ጫና የሚቀበለው የጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሱን በናስትሮ ሁለት ድርብ መጠቅለል፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ። መያዣው ላይ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ እያለጠጡ መጠምጠም ይቻላል፤ ባሕር ዳር ላይ የሚጣል ካላማዳሪ ሞልቷል። የእኛ ግምት ግን መያዣውን ባዶ መተው ይሻላል የሚል ነው፤ ምክንያቱም የሽመልን ዕድሜ የሚያረዝመው ትልቁ ዘዴ በየሳምንቱ ጫፉን ከመያዣው ማገላበጥ ነው፣ ላስቲክ ከተጠመጠመ ይህ ይቀራል። ከሥሩ በኩል ያለው ጫፍ ወፈር ያለና ድፍን ነው፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ መጀመሪያ እሱን የሚመታ ጫፍ ማድረግ ትክክል ነው። ከበለጠ የዱላው የፊት ጫፍ ይከብድና ስንዘራው ይዘገያል።

አያያዙም ከዚሁ ጋር ይሂድ። ከእጁ በታች ሦስት ጣት ያህል ይተርፋል፤ ይህን ትርፍ ፑኞ ይሉታል። በቅርብ ርቀት የሚመታው፣ የባላጋራን የእጅ አንጓ የሚቆልፈውና ዱላውን የሚያስለቅቀው እሱ ነው። የጎጃም ልጅ እንደ ለመደው ዱላውን ከጫፉ ጨብጦ ይጀምራል፤ ፑኞ የለውም፣ ሚዛኑም ወደ ፊት ይወድቃል።

የመጨረሻው ፈተና ሲናዋሊ የሚባለው የጥንድ ዱላ ልምምድ ነው። ቃሉ ሳዋሊ ከሚባለው፣ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ከሚሠራው የፊሊፒንስ የግድግዳ ሽመና የመጣ ነው። ከቲሊሊ እስከ እንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ አጥር ሲጠለፍ ያየ ሰው ነገሩን በቃል ከማስረዳት በላይ ያውቀዋል፦ አንዱ ፍላጭ ከላይ ሲያልፍ ሌላው ከሥር ይገባል፣ ቀጥሎ ይለዋወጣሉ። በጥንድ ዱላውም እንዲሁ ነው። ቀኝ እጅ ከላይ ወደ ጓደኛው ግራ ጆሮ ግንድ ይሰነዝራል፤ በቀኝ ብብት ሥር ተደብቆ የነበረው ግራ ዱላ በታች በኩል ወደ ጉልበት ይወጣል፤ ቀኙ ተመልሶ ከላይ በእጅ ጀርባ ይመታል። ከዚያ በግራ ተጀምሮ ያው ይደገማል። አንድ ዙር ስድስት ምት ነው፤ ጓደኛውም ፊት ለፊት ያንኑ ስለሚሠራ ዱላዎቹ መሃል ላይ ይጋጫሉ። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይፈጠራል፦ ሁለተኛው እጅ ብብት ሥር ሳይገባ ይጀምራል፣ ሁለቱ የራስ ዱላዎች እርስ በርስ ይጋጩና ዙሩ ይቆማል። እጆችን ቀስ አድርጎ መቁጠር እንጂ ጉልበት መጨመር አይፈታውም።

በዚህ ልምምድ ሽመሉ ጥሩ ነው። ምቱ ሲያርፍ ይመልሳል፣ ንዝረቱ ክርን ድረስ አይዘልቅም፣ ድምፁም ምቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ማረፉን ይናገራል። የሚያንሰው በአባኒኮ ላይ ነው፤ ይህ የእጅ አንጓን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዙ ግራና ቀኝ የሚመቱት ፈጣን ምት ነው። ከ250 ግራም በላይ በሆነ ሽመል አባኒኮ ይጎተታል፤ ለጀማሪ አንጓም ይከብዳል። ለሴቶችና ለወጣቶች 2.2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረውን መምረጥ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ 2 በ60 መቁረጥ ነው።

የቀሩት ዱላዎች ብዙ አያነጋግሩም። የእንጅባራው ቀርከሃ ቀላል፣ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ነው፤ ዱላ በዱላ ሲጋጭ ግን ክፍት ሆዱ ይደቅቅና በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ የስንጥቁ ጠርዝም ቆዳ ይቆርጣል። ለብቻ አየር ላይ ለሚሠራ ልምምድ ወይም ተንጠልጥሎ ለሚመታ ዒላማ ይሁን። ባህር ዛፍ በየደጁ ስላለ ያጓጓል፤ ሲደርቅ ከጫፉ ይተረተራል፣ ጭረቱም ጠመዝማዛ ከሆነ በሰያፍ ይቀነጠሳል፣ የተቀነጠሰው ቁራጭ ደግሞ ፊት ለፊት ወደቆመው ሰው ነው የሚሄደው።

ወይራ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በዚሁ መጠን ከ330 እስከ 380 ግራም ይደርሳል፤ አይሰነጠቅም፣ አያልቅም፣ ያማረ ነው። ሁለት ወይራ ሲጋጩ ግን አንዳቸውም ምቱን ስለማይውጡ ሙሉ ለሙሉ ወደ እጅ ይመለሳል፤ በሳምንታት ውስጥ የክርን ሕመም ያመጣል። ጣት ላይ ካረፈ አጥንት ነው። ወይራና ሽመል ከተጋጩ ደግሞ ሽመሉ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ስለዚህ አንድ የልምምድ ቦታ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ወይራ ለብቻ፣ በዝግታ፣ የእጅ አንጓ ለማጠንከር ብቻ፤ እንደ ካማጎንግ።

ነፃ ፍልሚያ ለሚፈልግ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። ቀጭን የፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ቱቦ በስፖንጅ ጠቅልሎ፣ በናስትሮ አስሮ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጁን አምስት ሴንቲ ሜትር አስረዝሞ መሥራት ይቻላል። ራስ ላይ መከላከያ አድርጎ።

አንድ ጣልቃ ገብ ነገር፦ ረጅም ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚሄደውን ሰው ጎጃም ውስጥ ማንም አይጠይቀውም። ሁለት እኩል አጫጭር ቆመጥ ቦርሳ ውስጥ ይዞ በምሽት መሄድ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በረጅም ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከስፖርት ልብስ ጋር መያዝ ነገር ያቀልላል።

ዱላው መቼ ይጣል? በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ከተሠራበት ናስትሮውን በየሁለት ሳምንቱ ፈትቶ ማየት ነው። ቆዳው ተላጥቶ ውስጡ ቢታይ ገና ነው፤ ያንን በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ እንደገና መጠቅለል ይቻላል። ከአንዱ አንጓ አልፎ ወደ ሁለተኛው የተሻገረ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ያ የክርር ድምፅ ከተሰማ፣ በዚያው ዕለት ከልምምድ ይውጣ። ክረምት ላይ ሻጋታ ብቻ ከታየበት አይጣል፤ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ፣ ጢስ አሳይቶ፣ ኑግ ደግሞ መቀባት ነው። ያረጀው ወደ ምድጃ ሲሄድ ቀዳዳ ያለው ከሆነ አስቀድሞ በመጥረቢያ ይሰንጠቅ፤ በአንጓዎቹ መሃል የታፈነው አየር ሲሞቅ እንደ ጥይት ይጮሃል፣ ፍሙንም ቤት ሙሉ ይበትነዋል።